ከቢጫው አንሶላ ጀርባ

ገና ሳይነጋ አንገቷ ሥር የሆነ ነገር ሲሄድ ተሰማትና ዓይኗን ገለጠች። እናቷ ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፋ፣ ነጭ የስፌት ክር ከአንዱ ትከሻዋ እስከ ሌላው ትከሻዋ ዘርግታ፣ ጫፍና ጫፉን በጥፍሯ ቆንጥጣ ይዛለች። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት በተኛችበት ትከሻዋ ሲለካ ብትነቃ ምን ትላለች? እሷም የምትለው ጠፋት።

“እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ተኚ፣ ተኚ፤ ጨርሻለሁ።” እናትየው ክሩን ልኩ ላይ ቋጠረችው፤ ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ራሷ አልጋ ሄደች።

ቤታቸው አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ማድቤት ነው። ክፍሉን መሐል ለመሐል መጋረጃ ይከፍለዋል፤ ወዲህ የልጅቱ አልጋ፣ ወዲያ የእናትየው። ሁለቱም አልጋ ላይ የተነጠፈው አንሶላ፣ መሐሉ ሲሳሳ እናትየው ለሁለት ቀድዳ፣ ያልተነካውን ዳርና ዳር ወደ መሐል አምጥታ መልሳ የሰፋችው ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስፌት ላይ ይተኛሉ፤ ጠዋት ሲነሱ ጀርባቸው ላይ ቀጥ ያለ ሰንበር ይወጣል። ይህ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ትልቅ መደብር ውስጥ አዲስ አንሶላ እየዘረጋች “እዩት፣ ንኩት፣ ሐር አይመስልም?” ስትል የምትውል ሴት ቤት ነው። እሷ ራሷ አንዳንዴ ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሳቁ ቀንሷል፤ ምክንያቱም እናትየው ነገር ይምታታባት ጀምሯል። ሻይ ላይ ስኳር ጨምራ መልሳ ትጨምራለች፤ የልብስ ሳሙና ከፍሪጅ ውስጥ ይወጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ የበሩን ቁልፍ አተር ማሰሮ ውስጥ ቀቅላዋለች። ልጅቱ ይህን ሁሉ “እርጅና ነው” ብላ አልፋዋለች። ብትጠይቅ መልስ ይኖረዋል፣ መልሱ ደግሞ ያስፈራታል። እናትየውም አትናገርም። በሁለቱ መሐል ከመጋረጃው ሌላ ይህ ዝምታ ተሰቅሏል።

ሻይ ሲጠጡ እናትየው፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀውን ጠየቀች። “ቅናሹ የሚያልቀው መቼ ነው?”

“ዛሬ ነው እማዬ። ዛሬ ሁሉም ነገር ሰባ በመቶ ይወርድና በቃ፣ ክረምቱም ቅናሹም አበቃ።”

“ዛሬ?” አለች እናትየው። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የሆነ ድንጋጤ አልፎ ሄደ።

“ምን ፈለግሽ? ንገሪኝና ቅናሹ ካለቀ በኋላ የተረፈ ካለ አመጣልሻለሁ። እስከዚያ የሠራተኛ ቤተሰብ መግዛት አይችልም ብዬሻለሁ አይደል? ዕቃ ይዘው ለዘመድ ያስቀምጣሉ እያሉ ነው የሚያባርሩን።”

“አውቃለሁ፤ ስንቴ ትነግሪኛለሽ? አንቺን የሚያስነካ ነገር አላደርግም።”

“ደግሞ እንዳትወጪ። ብርዱ ጉልበትሽን ይጨርስሻል። ጎረቤታችን ምሳ ታመጣልሻለች።”

“የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?” አለች እናትየው፤ እጇ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር።

መደብሩ ገና ሳይከፈት በር ላይ የቆመው ሰልፍ ጥግ ዞሮ ነበር። የቅናሹ የመጨረሻ ቀን ሲመጣ ደህና ደህናው ሰው ሁሉ ጠባዩ ይለወጣል፤ ለአንድ ፎጣ ሁለት የተከበሩ ሴቶች ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጓተቱ ማየት ብርቅ አይደለም። ከሁሉ የሚገርመው ግን የመደበቁ ነገር ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ ዋጋው ገና ሳይወርድ ያየዋል፤ ይወደዋል፤ ግን ለመግዛት ይሳሳል። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዳያገኘው ከቦታው አንስቶ ማንም ከማይፈልግበት ቦታ ይሸጉጠዋል፣ የመጨረሻው ቀን ሲመጣ በሰባ በመቶ ቅናሽ ሊያወጣው። የሱፍ ባርኔጣ ድስት ውስጥ ይገኛል። የወንድ ጓንት ከሕፃን ትራስ ልብስ ውስጥ ይወጣል። አንዴ አንድ የሰርግ ሙሉ ልብስ መጋረጃ ጀርባ ተሰቅሎ ከርሟል። ድሮ ሠራተኞቹም እየሳቁ ያልፉት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሳቅ የለም።

የፎቁ ኃላፊ ከበሩ መከፈት በፊት ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ሠራተኞቹ ከጀርባው “መስመር” ይሉታል፤ መደርደሪያ ባየ ቁጥር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የተደረደረው ዕቃ ጫፉ እኩል መሆኑን ሳያይ አያልፍምና። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከላይ የሚጮኽበት አለው። “ዛሬ በማን መደርደሪያ የተደበቀ ዕቃ እንደሚገኝ አያለሁ” አለ። “ደንበኛ የደበቀውን አውጥታችሁ ቦታው ትመልሳላችሁ። ለዘመድ የደበቀ ሠራተኛ ካገኘሁ ግን እዚያው ተሰናበተ።” ከዚያ ዓይኑ ወደ ልጅቱና አጠገቧ ወደምትሠራው ባልደረባዋ ሄደ። ሁለቱም እስከ ክረምቱ ሽያጭ ማብቂያ በጊዜያዊነት የተቀጠሩ ናቸው፤ የሚቀረው ቦታ አንድ ነው። “ከሁለታችሁ የምትቀረውን ዛሬ ማታ እናገራለሁ” አለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ ሲነገር ግን ሌላ ነው። ልጅቱ ከዚህ በፊት ሥራ ፈታ የተቀመጠችበት ዓመት ትዝ አላት፤ የቤት ኪራይ፣ የእናቷ የጉልበት መድኃኒት፣ ያንን ዓመት መድገም አትችልም። ባልደረባዋ ደግሞ ፎጣ ክፍል የምትሠራ፣ ስታጥፍ ማፏጨት የማትተው፣ ሁሉም “ፉጨት” የሚላት ወጣት ናት። እየተዋደዱ ስድስት ወር ሠርተዋል፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን ሰላምታቸው እንኳ ጥንቃቄ ገብቶበታል።

በሩ ተከፈተና ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ። አንሶላ ሻጯ ቀልቧን ሰብስባ የራሷን መደርደሪያ መፈተሽ ጀመረች። ከብርድ ልብሶቹ መሐል አንድ የሴት ጫማ አገኘች፤ አንድ እግር ብቻ፤ ሌላውን ባለቤቷ ሌላ ቦታ ደብቃዋለች ማለት ነው። አስወሰደችው። ከትራስ ልብሶቹ ሥር ካልሲ ወጣ። በመጨረሻ ታችኛው መደርደሪያ ጋ ደረሰች። እዚያ የተቀመጡት ባለ ሁለት ሰው ቢጫ አንሶላዎች ናቸው፤ ቢጫነታቸው ደግሞ የሚያምረው ዓይነት አይደለም፣ የታመመ ሰው ፊት የሚመስል ነው። ከመጡ ጀምሮ የገዛቸው የለም፤ ማንም ጎንበስ ብሎ አያያቸውም። ተንበርክካ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ ወፍራም ጨርቅ ነካች። ጎተተችው። የልጅ ኮት ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ትልልቅ የእንጨት ቁልፎች ያሉት፣ ስምንት ዓመት ለሚሆናት ልጅ። “ጎበዝ ደባቂ” አለችና ፈገግ አለች። እጇን ብትመልስ ሌላ ኮት አገኘች። ያው ኮት ነው፤ ያው ቀለም፣ ያው ቁልፍ፣ ያው ቁጥር። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። አንድ ሲጨመር አምስት ሆኑ። ሁሉም በአንድ እጅ የታጠፉ ናቸው፤ እጅጌዎቻቸው ወደ ውስጥ ገብተው፣ አንገታቸው ወደ ላይ ዞሮ፣ የተኛ ሕፃን ይመስላሉ።

ግራ ገባት። አንድ ኮት የሚደብቅ ይኖራል፤ ሁለት ልጅ ያላት ሁለት ትደብቃለች። አንድ ዓይነት ልክ ያላቸው አምስት ልጆች ግን ማን ነው ያሉት? ነጋዴ ነው እንዳትል፣ ነጋዴ አምስት አይገዛም፣ ሃምሳ ነው። የሕፃናት ማሳደጊያ ነው እንዳትል፣ ማሳደጊያ ከአንሶላ ጀርባ አይደብቅም። አንድ ሐሳብ መጣባትና ራሷን አሳመማት፦ ፉጨት ብትሆንስ? መስመር መጥቶ እንዲያገኛቸው፣ እሷ ተባርራ ቦታው ለፉጨት እንዲቀር? ቀና ብላ ብታይ ፉጨት ወዲያ ማዶ ፎጣ እያጠፈች ታፏጫለች። ፉጨቷ ድንገት የሌባ ፉጨት ሆነባት። ያኔ ኮቶቹን አቅፋ ወደ መስመር ብትሮጥ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ግን “አምስት ኮት ይዤ ብሄድ አንቺው ነሽ ቢለኝስ?” ብላ ፈራችና እንደነበሩ መልሳ ከተተቻቸው። ሰው ግራ ሲገባው የሚሠራው ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ኋላ ሲያየው የራሱ እጅ አይመስለውም።

ደንበኛ ቀለል ሲልላት ወደ ፎጣው ክፍል ሄደችና ነገሩን በዘወርዋራ አነሳችው። “እኔ ምሳ ስወጣ መደርደሪያዬ ጋ የሚመጣ ሰው አለ?”

“ስንቱ ይመጣል” አለች ፉጨት። “ሰሞኑን አንዲት አሮጊት አሉ፣ አንጀት የሚበሉ። አንቺ ልክ ስትወጪ ይመጣሉ። አንሶላውን ይዳስሳሉ፤ ስፌቱን ይመረምራሉ፤ ‘መቼ ነው የሚወርደው?’ ይሉኛል። በማግስቱ መጥተው ይህንኑ ይጠይቁኛል። የሳሙና ሽታ አላቸው፣ ደስ ይላሉ።”

አንሶላ ሻጯ አላመነቻትም። አሮጊት ፈጥራ ልትሸፋፍን ነው አለች በልቧ። የሳሙና ሽታ ያለው ደግሞ ስንት አለ። ፊቷን አጨፍግጋ ተመለሰች፤ ከኋላዋ ፉጨቱ ቆመ። ስድስት ወር ሙሉ ምሳቸውን የተካፈሉ ሰዎች በአንድ ጥያቄ ባዕድ ሆኑ።

ወደ ምሳ ሰዓት ግድም መስመር መጣ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። የቢጫ አንሶላዎቹ ጫፍ ከሌላው ጣት በምታህል ወደ ፊት ወጥቷል፤ ከኋላቸው የሚገፋቸው ነገር አለና። ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ። ኮቶቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ጫፋቸውን እኩል ማድረግ አልተወም።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“እኔ አላውቅም ጌታዬ።”

“ልጅ አለሽ?”

“የለኝም።”

“የእህት ልጅ? የወንድም ልጅ?”

“እናቴ ብቻ ናት ያለችኝ። እሷ ደግሞ ከቤት አትወጣም።”

መስመር አገጩን አሻሸ። ሊያምናት ይፈልጋል፤ ግን አምስት ኮት አምስት ኮት ነው። “ጥሩ” አለ በመጨረሻ። “ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የደበቀው ሰው ሳይመጣ አይቀርም። መልሺያቸውና ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ። እኔ ለሽያጭ የተሰቀለው መጋረጃ ጀርባ እቆማለሁ። የመጣው ደንበኛ ከሆነ አንቺ ነፃ ነሽ፣ ቦታውም ያንቺ ነው፤ ከፉጨት ይልቅ ያንቺን ሥራ እወደዋለሁ። ዘመድሽ ከሆነ ግን ባጅሽን ታስቀምጪና ትሄጃለሽ።” እሷም እፎይ አለች። ዘመድ የላትም። የሚመጣው ማንም ይሁን ማን፣ የሷ ሰው ሊሆን አይችልም። ዛሬ ማታ ለእናቷ “ቀረሁ!” ስትላት ታያት። እንዲያውም አንድ ጥንድ አንሶላ፣ ስፌት የሌለው፣ ይዛላት ስትገባ ታያት።

ቆመው ጠበቁ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ከታች ሰው እያመጣ ይተፋል፤ መጀመሪያ ራስ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እቃ የያዘ እጅ። አንዲት ወፍራም ሴት ወጣች፤ አለፈች። ሁለት ተማሪዎች ወጡ፤ አለፉ። ቀጥሎ አንድ ግራጫ ሻሽ ብቅ አለ፤ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ቁራጭ ጨርቅ ሻጯ ታውቃታለች፣ ራሷ ናት የጣፈቻት። ከሻሹ ሥር የእናቷ ፊት ወጣ። ከዚያ ለሐኪም ቤት ብቻ የምታደርገው ጫማ። ልጅቱ ክው አለች። እናቷ እዚህ ምን ትሠራለች? በዚህ ጉልበት? አውቶቡሱን እንዴት አገኘችው? የመጀመሪያ ሐሳቧ “አንድ ነገር ሆነ፣ ልትነግረኝ መጣች” የሚል ነበር። እናትየው ግን በሕዝቡ መሐል አላየቻትም። ግራ ቀኝ ገልመጥ አለች፤ ምሳ ሰዓት መሆኑን ያረጋገጠች ትመስላለች። ቀጥ ብላ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ሄደች፤ ጉልበቷን እያማጠች ተንበረከከችና እጇን ከቢጫው አንሶላ ጀርባ ሰደደች። ያኔ ልጅቱ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባት፣ ወይም ባንዴ ጠፋባት፤ የቱ እንደሆነ አልለየችም።

እናትየው አንዱን ኮት አወጣችና ፊቷ በራ። ሁለተኛውን ስታገኝ ግንባሯ ተኮማተረ። ሦስተኛው ሲወጣ አፏን በእጇ ያዘች። አምስቱን ጭኗ ላይ ከምራ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ግራ መጋባቷ ወደ ንዴት ተለወጠ። መስመርም ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ።

“እማማ፣ ምን ሆኑ?”

“የዚህ ቤት ኃላፊ አንተ ነህ ልጄ? ጎሽ፣ እንኳን መጣህ!” አለች እናትየው፣ እንዲያነሳት እጇን እየዘረጋች። “ሰው ደብቆ ባስቀመጠበት ላይ ሰው ይደብቃል? እኔ አንድ ነው ያስቀመጥኩት። አሁን አምስት ሆኖ ጠበቀኝ። የቱ የኔ እንደሆነ በምን ልለይ? ዓይን ያወጣ ሥራ እኮ ነው!”

መስመር ሳቁን ዋጠ። “ለማን ነው ኮቱ?”

“ለልጄ። ስምንት ዓመቷ ነው። ባለፈው እንዲሁ አንድ ኮት ሸሽጌ፣ በመጨረሻው ቀን ብመጣ አንዷ ቀድማኝ ወስዳዋለች። ልጄ ክረምቱን በኔ ሹራብ አሳለፈችው፤ እጅጌው እስከ ጉልበቷ እየደረሰ፣ ልጆች እየሳቁባት። አንድ ቀን እንኳ ‘እናቴ በረደኝ’ አላለችኝም።” ድምጿ ተሰበረ። “ዘንድሮ አልቀደምም ብዬ ነው።”

ልጅቱ ሹራቡን አስታወሰችው። ቡናማ ነበር፤ እጅጌው እየተጠቀለለ ክንዷ ላይ እንደ ዳቦ ያብጥ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል። ረስታው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜም ብዙ አልበረዳትም፤ የበረደው እናቷን ነበር፣ ያለ ሹራብ የከረመችውን። እናቷ ውስጥ ግን ይህ ነገር እነዚህን ዓመታት ሁሉ ተቀምጦ ነበር።

መስመር ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ። “እማማ፣ ይህችን ሠራተኛ ያውቋታል? ዕቃ ያስቀመጠችልዎ እሷ ናት?”

ልጅቱ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ እናቴ ናት፣ ሁለት ቃል። የቤት ኪራዩ፣ መድኃኒቱ፣ ባዶ የዋለችበት ዓመት ተሰልፈው ከፊቷ ቆሙ። አፏን መልሳ ገጠመች። እናትየው ቀና ብላ ፊት ለፊት አየቻት፤ ዓይን ለዓይን፣ ረጅም አየቻት፣ አንድ ሰው የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ።

“አላውቃትም” አለች። “እዚህ የምትቆም ልጅ ናት። ከሷ ጋር ምን አገናኘኝ?”

ልጅቱ መደርደሪያውን ያዘች። ጠዋት ትከሻዬን የለካችው ይህች ናት? ረሳችኝ? እንዲህ በአንድ ቀን ይረሳል? ወይስ…? መስመር ግን ከትከሻው ሸክም የወረደለት መሰለ። ለአሮጊቷ መደበቅ እንደማይፈቀድ በትሕትና ነገራት፣ ኮቶቹን ወሰደ፤ ጥበቃውን ጠርቶ “እማማን እስከ ደረጃው ሸኛቸው” አለው። ከዚያ ወደ ሻጯ ጠጋ ብሎ “ደህና፣ ነገ በሰዓትሽ ነይ። ቦታው ያንቺ ነው” አላት።

“አመሰግናለሁ” አለች። ከአፏ የወጣው እሱ ነው። ቃሉ ወጥቶ ሲያልቅ የራሷ ድምፅ አስጠላት። እጇ ግን ልማዱ ነውና አጠገቧ ያለውን አንሶላ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ። ጫፍ ከጫፍ አጋጠመች፤ አጠፈች፤ መልሳ አጠፈች።

ያኔ ከደረጃው በኩል የሰው ጉርምርምታ ሰማች። ጥበቃው አሮጊቷን ደረጃው አፍ አድርሷት ተመልሶ ነበር። እናትየው የሚወርደውን ትታ በሚወጣው ደረጃ ላይ ገብታለች። ትወርዳለች፤ ደረጃው ይመልሳታል፤ ትወርዳለች፤ ይመልሳታል። የጎማውን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ እየተራመደች፣ እየተራመደች፣ እዚያው ናት። ከታች የሚመጣው ሕዝብ እየተጋፋት ያልፋል፤ አንዱ “ሴትዮ፣ አይታይዎትም?” ይላታል። ፊቷ ላይ ፍርሃት ሳይሆን ትዕግሥት ነበር፤ መንገዱ ረዘመ እንጂ ይደረሳል የምትል ትመስላለች። አንድ ሰው ፎጣ ጥሎ ሮጠና ቀዩን ቁልፍ ተጫነው፤ ደረጃው ቆመ። ፉጨት ነበረች።

“እማዬ!” አለች ልጅቱ። አንሶላው ከእጇ ወደቀ፤ ሙሉ ፎቁ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮኸች። “እማዬ፣ ባለሽበት ቁሚ!” ሰውን እየገፋች ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። መስመር ኮቶቹን እንዳቀፈ መሐል ላይ ቆሟል። ልጅቱ ዞራ አየችው። “እናቴ ናት” አለች። “መምጣቷን አላውቅም ነበር፤ ግን እናቴ ናት።” ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ባጇን ፈታ ኮቶቹ ላይ አስቀመጠችለት። ከኮቶቹም አንዱን ሳበች። “አሁን ሠራተኛ አይደለሁም፤ ገዢ ነኝ” አለችው። መስመር ጥሩ ሰው ስለሆነ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ የመደብሩ ሰው ስለሆነ ደግሞ ባጁን አልመለሰላትም። ልጅቱ በአጠገቧ ስታልፍ ፉጨት የእናትየውን የወደቀ ሻሽ አራግፋ አቀበለቻት።

ውጭ ብርዱ ፊት ይልጣል። የአውቶቡሱ ፌርማታ ከመደብሩ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ መስኮቱ ላይ አንድ ሠራተኛ የቅናሹን ትልቅ ወረቀት ከወዲሁ እየላጠ ነበር። ሒሳቡን የከፈለችበትን ኮት በከረጢት ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እናትየው ድንገት ዞራ በክርኗ ጎሸመቻት።

“ምን ነክቶሽ ነው አንቺ! እኔ ‘አላውቃትም’ ብዬ ስገላግልሽ ዝም አትዪም? ሥራሽን እኮ ነው ያጣሽው! አንቺ ምሳ ስትወጪ ጠብቄ፣ ተሸሽጌ፣ ስንት ተጠንቅቄ…”

ልጅቱ አየቻት። “አውቀሽኝ ነበር?”

“ልጄን አላውቅም? ጅል ናት እንዴ ይቺ!”

ከልጅቱ ሆድ ትልቅ ድንጋይ ተነሳ። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮ መጣ፤ ሥራዋን ማጣቷን እንኳ ለጊዜው ረሳችው። እናቷ አልረሳቻትም። የሆነው ሁሉ፣ አምስቱ ኮትም፣ ደረጃውም፣ ድካም ነው፣ እርጅና ነው። የእናቷን ቀዝቃዛ እጅ ወደ ራሷ ኪስ ውስጥ አስገባችው። እናትየው ግን ወዲያው እጇን አወጣችና የኮቱን ከረጢት ከፈተች። ኮቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው፤ የእንጨት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች። ከቀሚሷ ኪስ ነጩን ክር አወጣችና ከኮቱ ትከሻ እስከ ትከሻ አስጠጋችው። ክሩ ከኮቱ አልፎ ሄደ። እንደገና ለካች። አሁንም አልፎ ሄደ፤ ቋጠሮው ያለቦታው አየር ላይ ተንጠለጠለ። እናትየው ግራ ተጋባች፤ ኮቱን አየች፣ ክሩን አየች፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት አየች።

“ዛሬ ጠዋት ነው እኮ የለካኋት” አለች ዝግ ብላ። “ተኝታ። ልኳን ነው የያዝኩት።”

አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ ሰው አወረደ፤ ሳይሳፈሩበት ሄደ። እናትየው ክሩን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና አንድ ነገር የገባት መሰለ። ከኮቱ ትከሻ ጫፍ ላይ በጥፍሯ ያዘችው፤ ወደ አፏ አስጠግታ በጥርሷ በጠሰችው። ቋጠሮ ያለበት ትርፉ ክር እግሯ ሥር ወደቀ።

“ይኸው፤ ክሩ ነው የረዘመው” አለች፣ ፊቷ በእፎይታ እየበራ። “አሁን ልክ ሆነ።” ኮቱን አጠፈችው፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ላይ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞር ብላ፣ መንገድ ላይ ለሚገኝ ደግ ሰው በሚሰጥ ትሕትና ጠየቀቻት። “የኔ እመቤት፣ ትምህርት ቤት የሚለቀቀው ስንት ሰዓት ነው? ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ” አለች ልጅቱ።

“እንግዲያ አብረን እንሂድ፤ በብርድ ቆማ እንዳትጠብቀኝ።”

ልጅቱ ተነሣች። የእናቷን ክንድ ያዘች፤ ኮቱን ግን እናትየው ለማንም አልሰጠችም።